ከስለተኞች ጋር ወደ ሉዋንግ ፖ ሶቶን ስሄድ እንግዳነቴን እንዴት ልያዝ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ የመድረኩ አባላት። ለሥራ ጉዳይ ባንኮክ ተቀምጬ እገኛለሁ። አብራኝ የምትሠራ ታይላንዳዊት ባልደረባዬ በመጪው ቅዳሜ ከወላጅ እናቷ ጋር ወደ ቻቾንግሳኦ ከተማ ትሄዳለች። እናቷ ባለፈው ዓመት በጠና ታመው በነበረበት ጊዜ፣ ከዳኑ በባንግ ፓኮንግ ወንዝ ዳር በሚገኘው በዋት ሶቶን ቤተ መቅደስ ለሚከበረው የቡድሃ ምስል፣ ለሉዋንግ ፖ ሶቶን፣ መቶ የተቀቀለ እንቁላል ይዘው እንደሚቀርቡ ተስለው ስለነበር አሁን ስለታቸውን ሊያስገቡ ነው። እኔም አብሬያቸው እንድሄድ እናትየው ራሳቸው ጠይቀውኛል፤ ግብዣቸው ከልብ መሆኑ ስለገባኝ እሺ ብያለሁ።

ሆኖም የሚያሳስቡኝ ነገሮች አሉ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ያደግሁና በእምነቴም የጸናሁ ነኝ፤ ለምስሉ መስገድም ሆነ ዕጣን ማጨስ አልፈልግም። በሌላ በኩል ደግሞ አንዲት እናት ከሞት አፋፍ መመለሳቸውን ሊያመሰግኑ በሚሄዱበት ቀን፣ በሚያከብሩት ነገር ፊት ቅር የሚያሰኝ ነገር ማድረግን ፈጽሞ አልሻም። እስካሁን ባንኮክ ውስጥ የገባሁባቸው ትልልቅ ቤተ መቅደሶች የውጭ ጎብኚ የሚበዛባቸው ስለሆኑ፣ እዚያ እንግዳ ሲያደርግ ያየሁትን እዚህም ልድገመው ለማለት አልደፍርም። ስለዚህ ቦታውን የምታውቁ ሰዎች፣ ይህ ምስል በታይላንዳውያን ዘንድ ይህን ያህል የተከበረበትን ምክንያት፣ የእንቁላሉን ነገር፣ በውስጥ የሚጠበቀውን ሥርዓትና አንድ እንግዳ ማንንም ሳያስቀይም እስከ የት ድረስ አብሮ መሄድ እንደሚችል ብታስረዱኝ በአክብሮት እቀበላለሁ። ምናልባት ከእነርሱ ተለይቼ በራሴ መመለስ ቢያስፈልገኝ ስላለው መጓጓዣም ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ባንኮክ ከሚኖር አባል

እኅታችን፣ ዋት ሶቶን እስካሁን ካዩዋቸው ቤተ መቅደሶች የሚለየው በዋናነት በሚመጣው ሰው ነው። የውጭ አገር ጎብኚ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚመጣው የሚለምነው ወይም የሚከፍለው ነገር ኖሮት ነው። በግቢው ውስጥ የሚያዩት የእንቁላል ትሪ፣ የአበባ ጉንጉን፣ የሙዚቃው ድምፅና ግፊያው ሁሉ ከአንድ ሰው ጭንቀት ወይም ምስጋና ጋር የተያያዘ መሆኑን አስቀድመው ካወቁ የቀረውን ሥርዓት መረዳት አያስቸግርዎትም።

በግቢው ውስጥ ሁለት ቦታዎችን ለይተው ቢያውቁ ይጠቅምዎታል። አንደኛው እውነተኛው ሉዋንግ ፖ ሶቶን የተቀመጠበት ታላቁ አዳራሽ ነው። ርዝመቱ 123.5 ሜትር፣ ወርዱ 44.5 ሜትር፣ የጫፉም ከፍታ 85 ሜትር የሆነ፣ ከጣሊያን የመጣ የካራራ ነጭ እብነ በረድ የለበሰ ግዙፍ ሕንጻ ሲሆን፣ በአናቱ ላይ 77 ኪሎ ግራም የሚመዝን ባለ አምስት ድርብ የወርቅ ጥላ ተተክሎበታል። የሕንጻው ንድፍ የፕራዌት ሊምፓራንግሲ ሥራ ነው። አሮጌው አዳራሽ ለሕዝቡ ጠቦ በፈረሰበትና ይህኛው በተሠራበት ጊዜ ምስሉ ከነበረበት ቦታ ፈቀቅ አልተደረገም፤ ምስሉ ባለበት ሆኖ አዲሱ ሕንጻ በዙሪያው ተነሣ። ለግንበኞች ምን ያህል እንደሚያስቸግር መገመት ይቻላል፤ ነገር ግን ምእመናኑ ምስሉ ራሱ መርጦ ያረፈበት ቦታ ነው ብለው ስለሚያምኑ ሌላ አማራጭ አልነበረም።

ወደ ውስጥ ሲገቡ ብዙ ወርቃማ ምስሎች በአንድ መደብ ላይ በአንድነት ተሰብስበው ያያሉ፤ በመካከላቸው እጆቹን በጭኑ ላይ አነባብሮ በተመስጦ የተቀመጠው ሉዋንግ ፖ ሶቶን ነው። እንደ ሕንጻው ግዙፍነት ግዙፍ ምስል የሚጠብቅ ሰው በመጠኑ ይገረማል፤ ምስሉ ከአንድ ሰው ቁመት ብዙ የማይርቅ ነው። ወለሉን ይመልከቱ፣ የባሕር ምሳሌ ነው፤ ጣሪያውም የሰማይን ከዋክብት የያዘ ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ዕጣንና ሻማ አይለኮስም፣ ወርቅም አይለጠፍም። ሰው ገብቶ ይቀመጣል፣ ይሰግዳል፣ ጥቂት ቆይቶ ይወጣል። ስለዚህ እርስዎ በጣም የሚሰጉለት ቦታ በእርግጥ ከሁሉ የሚቀልልዎት ቦታ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ቦታ የሉዋንግ ፖ ሶቶን አምሳያ ምስሎች የተቀመጡበት ሌላው አዳራሽ ነው። ሕዝቡ ሦስት የዕጣን ስንጥር፣ አንድ ሻማ፣ የሎተስ አበባና በትንሽ ወረቀት የተያዘ ስስ የወርቅ ቅጠል ይዞ የሚቀርበው እዚህ ነው። የባልደረባዎ እናትም እንቁላላቸውን የሚያቀርቡት በዚህ በኩል ይሆናል። በአቅራቢያው የባህል ልብስና የወርቅ ቀለም ያለው ዘውድ የለበሱ ሴቶች ሲጨፍሩ ቢያዩ ለጎብኚ የተዘጋጀ ትርኢት አይምሰልዎት፤ ውዝዋዜውን በስለት የተሳለ ሰው ከፍሎ የሚያስጨፍረው ነው፣ ተመልካቹም ሉዋንግ ፖ ሶቶን ነው ተብሎ ይታሰባል።

አለባበስን በተመለከተ ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ ይበቃል። ጫማ ከደጃፍ ይወለቃል፤ ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የበሩን መድረክ መርገጥ ነውር ስለሆነ ተሻግረው ይግቡ። ከሁሉ በላይ የሚታየው ግን አቀማመጥ ነው፤ ሁለቱንም እግሮች ወደ አንድ ጎን ወይም ወደ ኋላ አጥፎ መቀመጥ ይገባል፣ ምክንያቱም የእግርን መዳፍ ወደ ምስሉ ወይም ወደ መነኩሴ ማዞር እንደ ትልቅ ንቀት ይቆጠራል። ሌላው ሰው ተንበርክኮ ሳለ ከፊቱ ቀጥ ብሎ መቆም፣ በሰው ራስ ላይ ዕቃ ማሳለፍ፣ ለምስሉ ጀርባ ሰጥቶ ፎቶ መነሣት፣ እነዚህን ሁሉ ያስወግዱ። እንደ ሴትነትዎ መነኩሴን እንዳይነኩ፣ ዕቃም በቀጥታ በእጁ እንዳይሰጡ ይጠንቀቁ፤ የሚሰጡት ነገር ካለ በፊቱ ማስቀመጥ ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄዎ ላይ ስንደርስ፣ ለምስሉ እንዲሰግዱ የሚያስገድድዎት ሰው አይኖርም። ምእመኑ ግንባሩን፣ ሁለቱን መዳፎቹንና ሁለቱን ጉልበቶቹን መሬት አስነክቶ ሦስት ጊዜ ይሰግዳል፤ ለቡድሃ፣ ለትምህርቱና ለመነኮሳቱ ማኅበር ማለት ነው። እርስዎ ከእናትየው ትንሽ ወደ ኋላ ብለው ዝቅ ብለው ቢቀመጡ በቂ ነው። ዕጣን ቢዘረጋልዎት ሳይቀበሉ በፈገግታ ራስዎን ዝቅ አድርገው ክርስቲያን መሆንዎን ቢናገሩ ማንም አይቀየምም፤ ባልደረባዎም ከቅዳሜ በፊት ለእናቷ ብትነግርልዎ የበለጠ ይቀልላል። እንዲያውም የእንቁላሉን ትሪ እስከ ደጃፉ ድረስ ልሸከምልዎ ቢሏቸው፣ እርስዎ የማያምኑበትን ነገር ሳያደርጉ የእርሳቸውን ሸክም ይጋራሉ። የወርቁን ቅጠል መለጠፍ ደግሞ በእኔ አስተያየት ብዙ የሚያሳስብ አይደለም፤ አምሳያው ላይ ስለሚለጠፍ እንደ አክብሮት ምልክት አድርገው ቢወስዱት ይቻላል ብዬ አምናለሁ።

መጓጓዣ ቀላል ነው። ከባንኮክ ሁዋ ላምፎንግ ጣቢያ በምሥራቁ መስመር የሚሄደው ባቡር 61 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ቻቾንግሳኦ ያደርስዎታል፤ መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተ ሲሆን የሦስተኛ ማዕረግ ዋጋው ከጥቂት አሥር ባህት አይበልጥም። ከጣቢያው እስከ ቤተ መቅደሱ ከኋላው ሁለት አግዳሚ ወንበር ያለው ሶንግታው የሚባል መኪና ያገኛሉ። ሚኒባስ የሚመርጡ ከሆነም ከከተማው መነሻዎች አያጡም። ቅዳሜና እሑድ ሕዝቡ እጅግ ስለሚበዛ በማለዳ መድረስ ይመረጣል።

ሌላ መልስ፦ የታይላንድን ታሪክ ከሚከታተል አባል

ከላይ የተሰጠው መልስ ሥርዓቱን በደንብ ስላስረዳ፣ ምስሉ ለምን ይህን ያህል እንደተከበረ የተጠየቀውን ብቻ ልመልስ። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው፣ እናትየው ምናልባት በመንገድ ላይ ታሪኩን ሊያወሩልዎት ስለሚችሉና አስቀድሞ የሰማ ሰው በተሻለ ሁኔታ ስለሚያዳምጥ ነው።

ትውፊቱ እንዲህ ይላል። ከሰሜን በኩል ሦስት የቡድሃ ምስሎች ወንዝ ለወንዝ እየተንሳፈፉ ወረዱ። ዛሬ የባንኮክ ክፍል በሆነው በሳምሴን ሲደርሱ ሕዝቡ ተሰብስቦ በገመድ ሊያወጣቸው ሞከረ፤ ሦስት መቶ ሺህ ሰው ቢስብም ምስሎቹ አልተነቃነቁም፣ ሰጥመውም ተሰወሩ። ከዚያ በባሕሩ ዞረው በባንግ ፓኮንግ ወንዝ ታዩ፤ ሳምፓቱአን በተባለው ስፍራ ሦስቱም የወንዙን ፍሰት ተቃውመው ወደ ላይ ሲንሳፈፉ ሰዎች አዩ ይባላል። እዚያም በጉልበት የሚወጡ አልሆኑም። በመጨረሻ አንደኛው በዛሬው ዋት ሶቶን ፊት ለፊት ሲቆም፣ ሥርዓቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ጸሎትና መሥዋዕት አድርጎ የተቀደሰ የጥጥ ክር በምስሉ እጅ ላይ አሰረና እየመራ ወደ ዳር አወጣው። የሦስት መቶ ሺህ ሰው ገመድ ያልቻለውን ቀጭን ክር ቻለው ማለት ነው፤ የታሪኩ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ያልተገደደ ነገር በአክብሮት ሲጠሩት መጣ የሚለው እምነት፣ ሕዝቡ ዛሬም ወደ ምስሉ የሚቀርብበትን መንፈስ ያሳያል።

ሁለቱ ሌሎች ምስሎችም የትም አልጠፉም። አንደኛው በሳሙት ሶንግክራም በሜ ክሎንግ ወንዝ አፍ አጠገብ የሚገኘው የዋት ባን ሌም ምስል ነው፤ ሌላው በሳሙት ፕራካን በሳምሮንግ የውሃ ቦይ ዳር በባንግ ፕሊ የተቀመጠው ሉዋንግ ፖ ቶ ነው። አንዳንዶች ወንድማማቾቹ አምስት ናቸው ብለው በናኮን ፓቶም የዋት ራይ ኪንግን፣ በፔቻቡሪም የዋት ካኦ ታክራኦን ምስሎች ይጨምራሉ። ሁሉም ቤተ መቅደሶች በውሃ ዳር ያሉ መሆናቸውን ልብ ይሏል። ሰው በጀልባ ይኖርና ይነግድ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ከወንዙ የመጣ ምስል ማለት ለዓሣ አጥማጁም ለገበሬውም ከራሱ የሕይወት መንገድ የመጣ ማለት ነበር።

ምስሉ ወደዚህ ስፍራ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1770 አካባቢ እንደሆነ ይነገራል። በቦታው ከሚያዩዋቸው ጽሑፎች በአንዱ 2313 የሚል ዓመት ቢያገኙ ይህንኑ ዓመት ነው፤ ታይላንዳውያን በአውሮፓውያኑ ዘመን ላይ 543 ጨምረው በቡድሃ ዘመን ይቆጥራሉና። በአገራችን የዘመን አቆጣጠር ከዓለም ተለይተን መኖርን ለለመድነው ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንብንም። ዓመቱ ራሱ ግን ትርጉም አለው። የቀድሞዋ ዋና ከተማ አዩትያ በበርማ ሠራዊት ተወርራ የተቃጠለችው እ.ኤ.አ. በ1767 ነው። ንጉሥ ታክሲንም ቶንቡሪን ዋና ከተማ አድርጎ አገሩን እንደገና ማሰባሰብ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ የስደትና የዝርፊያ ዘመን ምስሎች ከሰሜን ወደ ደቡብ በውሃ ተሻገሩ መባሉ ከባዶ የተነሣ አይመስለኝም፤ ሕዝቡ ራሱ በወንዞቹ ሲሸሽ የነበረበት ወቅት ነው።

ስለ ባንግ ፓኮንግ ወንዝ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከመሄድዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ወንዝ ከናኮን ናዮክና ከፕራቺንቡሪ ወንዞች መገናኛ ተነሥቶ ወደ ታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ይፈስሳል። አገሩ ሜዳ፣ የወንዙም ቁልቁለት እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ ባሕሩ በሞላ ቁጥር ውሃው ወደ ላይ ተመልሶ ይገፋል፤ በበጋ ወራትም ጨዋማው ውሃ ከባሕሩ ብዙ ርቆ ወደ ውስጥ ይገባል። በዚህ ወንዝ ላይ የወደቀ ግንድ ወደ መጣበት አቅጣጫ ሲመለስ ማየት የሚያስገርም አይደለም። ይህን ስል የሰዎቹን እምነት ለማቃለል አይደለም፤ ይልቁንም ትውፊቱ ከዚህ ወንዝ ጠባይ ጋር አብሮ ያደገ መሆኑን ለማሳየት ነው። ምስሎቹ ፍሰቱን ተቃውመው ወጡ የሚለው ቃል ከዚህ ወንዝ ዳር በቀር በሌላ ቦታ ይህን ያህል በተፈጥሮ አይነገርም ነበር። ጊዜ ካገኙ ከአዳራሹ ጀርባ ወደ ጀልባ መሳፈሪያው ወርደው ውሃው ወደ የት እየሄደ እንደሆነ ይመልከቱ። ቅዳሜና እሑድ ከዚያ ወደ ጥንታዊው የባን ማይ ገበያ የሚወስዱ ጀልባዎች አሉ።

አሁን የሚታየው የምስሉ ገጽ የመጀመሪያው እንዳልሆነም ይነገራል። ከወንዙ የወጣው ምስል ከነሐስ የተሠራና እጅግ ያማረ እንደነበር፣ በኋላ ግን ሌባ እንዳይመኘው በኖራና በአሸዋ ምርጊት ተለብጦ በላዩ ወርቅ እንደተቀባ ያምናሉ። ምእመኑ የሚሰግደው እንግዲህ ዓይኑ ለማያየው ለውስጠኛው ነው።

እንቁላሉን በተመለከተ፣ የሉዋንግ ፖ ሶቶን ስለት የተቀቀለ እንቁላልና ውዝዋዜ መሆኑ በታይላንድ ሁሉ የታወቀ ነው፤ ሃምሳ ወይም መቶ እንቁላል መሳል የተለመደ ሲሆን ከዚያ በላይ የሚሳሉም አሉ። ሰዎች ስለ ጤና፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ፈተና ይለምናሉ። አንድ ነገር ግን አይለመንም፤ ከውትድርና ለመቅረት። በታይላንድ ወጣት ወንዶች በኤፕሪል ወር ለውትድርና ዕጣ ያወጣሉ፣ ቀይ የወጣበት ይገባል፣ ጥቁር የወጣበት ይቀራል። በዚህ ጉዳይ ሉዋንግ ፖ ሶቶንን የለመነ ሰው ቀዩን ያወጣል የሚል ጽኑ እምነት ስላለ፣ እናቶች ለወንዶች ልጆቻቸው የሚለምኑት ወደ ሌላ ቦታ ሄደው ነው። ምስሉን እንደ ሩቅ ኃይል ሳይሆን የራሱ ጠባይና ፍላጎት እንዳለው እንደ አንድ የተከበረ አባት እንደሚያዩት ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ሉዋንግ ፖ የሚለው መጠሪያም ለአረጋዊ መነኩሴ የሚሰጥ የአባትነት ማዕረግ ነው።

ሌላ መልስ፦ ከሃይማኖት አንጻር የሚጽፍ አባል

በሁለቱ ወንድሞች መልስ ብዙ ተምሬያለሁ፤ በአንድ ነጥብ ግን አልስማማም። የወርቁን ቅጠል መለጠፍ እንደ ቀላል የአክብሮት ምልክት ሊወሰድ ይችላል የተባለው ለእኅታችንም ለባለቤቶቹም የሚበጅ አይመስለኝም።

ለሚያምነው ሰው የወርቁ ቅጠል ጌጥ አይደለም። ብዙዎች የታመመባቸውን የአካል ክፍል እያሰቡ በምስሉ ላይ በዚያው ስፍራ ይለጥፉታል፤ ጉልበቱ የሚያመው በጉልበቱ፣ ዓይኑ የደከመ በዓይኑ። በምስሉ ጀርባ ወርቅ መለጠፍ የሚል የታወቀ አባባልም አላቸው፤ ማንም ሳያይ መልካም መሥራት ማለት ነው። ይህን ያህል ጸሎትና ትርጉም የተሸከመን ድርጊት የማያምን ሰው ለይሉኝታ ብሎ ሲያደርገው፣ ለራሱ ኅሊና ጥያቄ ያመጣበታል፣ ለሚያምኑትም ቢሆን ያከበሩትን ነገር ወደ ጨዋታ የመለወጥ ያህል ነው። ከእምነቱ ውጭ ሆኖ በጨዋነት የተቀመጠ እንግዳ፣ ሳያምን ከሚሳተፈው ይልቅ ለቦታው የበለጠ ክብር ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ላይ ደግሞ በቡድሃ እምነት ውስጥ ራሱ ስለ ስለትና ስለ ምስል አንድ ዓይነት አስተሳሰብ እንደሌለ ማወቅ ይጠቅማል። በትምህርታቸው መሠረት ቡድሃ ከመወለድና ከመሞት ዑደት የወጣ ነው፤ ምስሉ የእርሱንና የትምህርቱን መታሰቢያ የሚያነቃቃ ምልክት እንጂ ልመና የሚቀበልና ውለታ የሚጠይቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1906 እስከ 1993 የኖሩት፣ በደቡብ ታይላንድ የሱዋን ሞክ ገዳምን የመሠረቱት ታዋቂው መነኩሴ ቡድሃዳሳ፣ ሰው በምስሉ ላይ ተጣብቆ ሲቀር ምስሉ ራሱ ወደ ትምህርቱ እንዳይደርስ የሚጋርድ ተራራ ሊሆንበት እንደሚችል በግልጽ አስተምረዋል። የእንቁላሉና የውዝዋዜው ስለት ከሕዝቡ ልማድ የመጣ ነው፣ መነኮሳቱም ይህን ያውቃሉ፤ ሕዝቡን ግን አያባርሩም።

ይህን የምለው እኅታችን ለእናትየው እንዲህ ብለው እንዲከራከሩ ፈጽሞ አይደለም። ከሕመም ተርፈው ቃላቸውን ሊፈጽሙ የመጡ እናት ፊት የማንም የሃይማኖት ክርክር ቦታ የለውም። የምለው፣ እዚያ የሚያዩትን ሁሉ የአንድ ሃይማኖት ሙሉ ትምህርት አድርገው እንዳይወስዱት ነው። ስለት ተስሎ ያላስገባ ሰው የሚሰማውን ጭንቀት እኛም ከቤታችን እናውቀዋለን፤ የእናትየውን መቸኮል በዚህ ዓይን ቢያዩት ይረዱታል።

የጠያቂዋ ተጨማሪ ጥያቄ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ወርቁ ቅጠል የተሰጠውን ሁለተኛውን ምክር እከተላለሁ፤ ትሪውን መሸከሙን ግን በደስታ አደርገዋለሁ። ባልደረባዬም ለእናቷ ክርስቲያን መሆኔን ነግራልኛለች፣ እርሳቸውም ከጎናቸው ብቀመጥ ብቻ እንደሚበቃቸው ልከውልኛል።

ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። ጉዞው በነቢያት ጾም ላይ የሚውል ሲሆን፣ እንቁላሉ ከቀረበ በኋላ ቤተሰቡ ተካፍሎ እንደሚበላው ሰምቻለሁ፤ እናትየው በእጃቸው ቢሰጡኝ እንዴት ብዬ እመልሳለሁ? ሁለተኛው፣ ለአንድ የጥበብ ዕቃ ለሚሰበስብ ዘመዴ ከዚያ ትንሽ የቡድሃ ምስል ገዝቼ ለመላክ አስቤ ነበር፤ ችግር አለው?

የመጀመሪያው መልስ ሰጪ ምላሽ

ስለ ወርቁ ቅጠል የቀረበውን ሐሳብ አክብሬዋለሁ፤ እርስዎም መንገድዎን ለይተው ስለያዙ በዚያ ላይ የምጨምረው የለኝም።

እንቁላሉ በትክክል እንደሰሙት ነው። ዕጣኑ ነዶ እስኪያልቅ ምስሉ ፊት ይቆይና፣ ባለ ስለቷ እጃቸውን አጋጥመው አስፈቅደው መልሰው ያነሡታል፤ ከዚያ ለቤተሰብና ለጎረቤት ይከፋፈላል። መቶ እንቁላል አንድ ቤተሰብ የሚጨርሰው ስላልሆነ አጠገባቸው ለተቀመጠ ሰው መስጠታቸው የማይቀር ነው። ጾሙ ግን ነገሩን ያቀልልዎታል። በታይላንድ ጄ የሚባል የአመጋገብ ሥርዓት አለ፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የሚከለከሉበት ሲሆን፣ በየዓመቱ ለዘጠኝ ቀን በሚከበረው በዓል በአገሩ ሁሉ በየምግብ ቤቱ ቀይ ጽሑፍ ያለበት ቢጫ ባንዲራ ይሰቀልበታል። የነጭ ሽንኩርትና የሌሎች ሽታቸው የሚከብድ አትክልቶች ክልከላ በእኛ ጾም የሌለ ነው፤ የቀረው ግን እጅግ ይቀራረባል። ስለዚህ በሃይማኖትዎ ምክንያት አሁን ጄ እንደሚመገቡ ቢነግሯቸው ረጅም ማብራሪያ ሳያስፈልግ ወዲያው ይገባቸዋል፣ ያከብሩታልም። ምሳ ሲቀርብም ይኸው አንድ ቃል የዓሣ መረቅ ያልገባበት ምግብ ለማግኘት ያግዝዎታል፤ በሩዝና በአትክልት ብቻ የተሠራ በሚመስል ሳህን ውስጥ እንኳ የዓሣ መረቅ አይጠፋምና ከማዘዝዎ በፊት ይናገሩ።

ምስሉን በተመለከተ ግን ይጠንቀቁ። የቡድሃን ምስል ከታይላንድ ለማውጣት ከሥነ ጥበባት መምሪያው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠሉ ትንንሽ ክታቦች በተለምዶ አያስጠይቁም፣ የሚቀመጥ ሐውልት ግን በአውሮፕላን ማረፊያ ሊያዝ ይችላል። በአገሩ ያሉ ሰዎችም የቡድሃ ራስ ወይም ምስል እንደ ቤት ጌጥ ሲሸጥ በእጅጉ ያዝናሉ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው መንገድ ላይ ይህን የሚቃወሙ ትልልቅ ማስታወቂያዎችን አይተው ይሆናል። ለዘመድዎ የሐር ጨርቅ ወይም የሸክላ ሥራ ቢልኩ ይሻላል። የባን ማይ ገበያ በጀልባው መንገድ ላይ ስለሆነ ከዚያ የሚሆን ነገር ያጡ አይመስለኝም፤ እናትየው በዕድሜያቸው ምክንያት ጀልባው ከከበዳቸው ግን ገበያው በመኪናም የሚደረስበት ነው።